ለአንጓች በርጩማ አንዲት ጣት ቅቤ

ተረት ልነግራችሁ ነው። መቀመጫ ያለው ይቀመጥ፤ መቀመጫ የሌለው ግንድም ሆነ ድንጋይ ይፈልግ። ድንጋይ የደረሰው ሰው አይክፋው፤ ይህ ተረት የእሱ ነው።

አንድ እንጨት ጠራቢ ነበረ፤ ስሙ አያ ጓንጉል ይባላል። ከዋንዛ ግንድ የማያወጣው ነገር አልነበረም። ሙሽሮች የሚበሉበት ገበታ የእሱ ነው። በርበሬ የሚወቀጥበት ሙቀጫ የእሱ ነው። በበዓል የሚመታው ከበሮ፣ በየማሳው የሚጎተተው ሞፈር፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚያስታርቅበት በርጩማ፣ ሁሉም የእሱ እጅ ሥራ ነው። በዚያ መንደር የተቀመጠ ሰው ሁሉ የተቀመጠው በአያ ጓንጉል ወገብ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ ይጠርባል። ወገቡን ሲያመው ለእንጨቱ ይነግረዋል እንጂ ለሰው አይናገርም። ሰው ከመጣ የሚመጣው ትእዛዝ ይዞ ነዋ!

"አያ ጓንጉል፣ አለህ?"

"አለሁ።"

"ሙቀጫ ፈልጌ ነበር።"

"ነገ።"

"አያ ጓንጉል፣ አለህ?"

"አለሁ።"

"የልጄ ሠርግ ደርሷል፣ ገበታ።"

"ነገ።"

"ነገ" የምትለው ቃል ከአፉ እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ትረግፍ ነበር። ጠርቦ ሳይጨርስ ሌላ ይታዘዛል፤ የታዘዘውን ሳይጀምር ሌላ ይመጣል።

ሚስቱ አንጓች ደግሞ ድንጋይ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ከደጃፋቸው አጠገብ ጥቁር ድንጋይ አለ። ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ያቃጥላል። ሲጋቡ "በርጩማ እጠርብልሻለሁ" ብሏት ነበር። መጀመሪያ ላይ ትጠይቀው ነበር። ከዚያ በየበዓሉ ብቻ ትጠይቀው ጀመር። ከዚያ ጭራሽ ተወችው። አሁን ጉልበቷ ታምሟል። ከድንጋዩ ስትነሣ በሁለት እጇ መሬቱን ተመርኩዛ "እህህ" ትላለች። አያ ጓንጉል ያን "እህህ" በሰማ ቁጥር መሮው ከእጁ ይስታል።

እናም አንድ ሰሞን ከሠርግ ገበታ የተረፈች የዋንዛ ግንድ አገኘ። ለማንም አልተናገረም። በትእዛዝና በትእዛዝ መሀል እየሰረቀ፣ እያዛጋ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ጠረባት። ሦስት እግር አወጣላት። እግሮቹም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ናቸው፤ ምስማር የላት፣ ሙጫ የላት። መሀሏን እንደ መዳፍ ጎድጎድ አደረጋት። አለቀች።

አለቀች እንዳልል ግን አንድ ነገር ቀርቷል። በዚያ አገር አዲስ በርጩማ ቅቤ ሳይጠጣ አይቀመጡበትም። እርጥብ እንጨት ነውና ቅቤ ካልተቀባ ይሰነጠቃል። ቅቤ ከጠጣ በኋላም መጀመሪያ የሚቀመጠው የተጠረበለት ሰው ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ ከተቀመጠበት በርጩማው የዚያ ሰው ሆነ፤ መመለስ የለም። ልማዱ እንዲህ ነው።

አንጓች ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ወርዳለች። አያ ጓንጉል በርጩማውን ጥላ ሥር አኑሮ ቅቤ ሊፈልግ ሲነሣ፣ "አለህ?" የሚል ሰው መጣ።

"አለሁ።"

ሰውየው ሞፈር ሊያዝዝ ነው የመጣው። ስለ ሞፈሩ አወራ፣ ስለ በሬው አወራ፣ በሬውን ስለሸጠለት ሰው አወራ። ሰውየው ሲያወራ ፀሐይ ጥላውን ገፋችው።

ቋ!

አያ ጓንጉል ዞር አለ። በርጩማው ጠርዝ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ወጥታለች። ሰውየውን ደጃፍ ላይ ትቶት፣ በርጩማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ሸጉጦ ሄደ። የፈለገው አንዲት ጣት ቅቤ ብቻ ነው። ቅቤ ከሌለ በርጩማው ይሰነጠቃል፤ በርጩማው ከተሰነጠቀ፣ አንጓች ዛሬም ድንጋይ ላይ ናት።

መጀመሪያ ጎረቤቱ እቴ ሙሉዬ ዘንድ ሄደ።

"እቴ ሙሉዬ፣ አንዲት ጣት ቅቤ ስጪኝ።"

"ቅቤ? በዚህ በደረቅ ወር? የመንደሩ ላም ሁሉ ነጥፎ የለም እንዴ! ያጠራቀምኳት እርጎ አለች። ቅቤው ግን ገና እርጎው ውስጥ ነው። የመግፊያውን ቅል የምሰቅልበት ጠፍር ተበጥሶብኛል። ጠፍር አምጣልኝና አንዲት ጣት አይደለም እፍኝ ልስጥህ።"

"በገመድ ብትሰቅዪውስ?"

"ባለፈው በገመድ ሰቅዬው ገመዱ ተበጠሰ፤ እርጎዬን ውሻ ጠጣው። ይኸው፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ቅሉ ሥር ይቀመጣል።"

እውነትም ውሻው ተቀምጧል። ገመድ የሚለውን ሲሰማ ጅራቱን ቆላ።

አያ ጓንጉል ተነፈሰ። ጠፍር ከሌለ ቅሉ አይገፋም፤ ቅሉ ካልተገፋ ቅቤ የለም፤ ቅቤ ከሌለ በርጩማው ይሰነጠቃል፤ በርጩማው ከተሰነጠቀ፣ አንጓች ዛሬም ድንጋይ ላይ ናት።

ጠፍር ያለው ቆዳ አልፊው አያ እምሩ ዘንድ ነው። ቤቱ ከመንደሩ ዳር፣ ከጅረቱ ማዶ ነው፤ ሽታው እንዳያስቸግር። አያ ጓንጉል ጅረቱን ተሻገረ።

"አያ እምሩ፣ ጠፍር ቁረጥልኝ። እቴ ሙሉዬ ቅሏን ትስቀል።"

"ቆዳውማ ይኸው ለፍቶ ተዘርግቷል፤ ምን ያደርጋል? ካራዬ ለሁለት ተሰብሯል።" አያ እምሩ ግማሹን በአንድ እጁ፣ ግማሹን በሌላ እጁ ይዞ አሳየው። "ቀጥቃጩ ያስተካክልልኝና እንደ ፀሐይ ጨረር ቀጥ አድርጌ እቆርጥልሃለሁ።"

"እኔ መሮ አለኝ። በመሮ ቁረጠው።"

"ቆዳ በመሮ? አንተስ በርጩማህን በመርፌ ነው የምትጠርበው?"

አያ ጓንጉል ሊስቅ ፈልጎ ደከመው። ሳቁን ለሌላ ቀን አቆየው።

ቋ!

ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየ። ስንጥቋ እንደ ጥፍር ረዝማለች። ካራው ካልተቀጠቀጠ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍር ከሌለ ቅሉ አይገፋም፤ ቅሉ ካልተገፋ ቅቤ የለም፤ ቅቤ ከሌለ በርጩማው ይሰነጠቃል፤ በርጩማው ከተሰነጠቀ፣ አንጓች ዛሬም ድንጋይ ላይ ናት።

የካራውን ሁለት ግማሽ ይዞ ቀጥቃጩ አያ ጥላዬ ዘንድ ሄደ። ሌላ ጊዜ የአያ ጥላዬ መዶሻ ከሩቅ ይሰማል። ዛሬ ዝም ብሏል። አያ ጥላዬ ከጠፋው ምድጃው ፊት እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። የተቀመጠበት በርጩማ ደግሞ አያ ጓንጉል የጠረበው ነው።

"አያ ጥላዬ፣ ይህን ካራ ቀጥቅጥልኝ። አያ እምሩ ጠፍር ይቁረጥ።"

"መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። የመዶሻዬ እጀታስ?"

"ነገ።"

"ያቺ ነገ አድጋ አገባች፣ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች!" አለ አያ ጥላዬ። ከዚያ የአያ ጓንጉልን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ተወው፣ ቀለድኩ። እጀታም ብታመጣ ዛሬ አልሠራም። ከሰል የለኝም። ከሰል አክሳዩ ጣሰው ከሰሉን ከዚያ ኮረብታ ላይ አክስሎ ተቀምጧል፤ አላወረደልኝም። ከሰል ካለ እሳት አለ፣ እሳት ካለ ካራህ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል።"

አያ ጓንጉል ኮረብታውን ቀና ብሎ አየው። ኮረብታው ግን ዝቅ አላለለትም። ከሰል ከሌለ ካራው አይቀጠቀጥም፤ ካራው ካልተቀጠቀጠ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍር ከሌለ ቅሉ አይገፋም፤ ቅሉ ካልተገፋ ቅቤ የለም፤ ቅቤ ከሌለ በርጩማው ይሰነጠቃል፤ በርጩማው ከተሰነጠቀ፣ አንጓች ዛሬም ድንጋይ ላይ ናት።

ወጣ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቆመ። በርጩማውን ከብብቱ አውርዶ መሬት ላይ አቆመው። ሦስቱ እግሮች ወጣ ገባ መሬት ላይ ሳይነቃነቁ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጎድጓዳው "ና፣ ቁጭ በል" የሚል ይመስላል። አያ ጓንጉል ዕድሜ ልኩን ስንት በርጩማ ጠርቧል፤ አንዱም ላይ አረፍ ብሎ አያውቅም። ዞረ፣ ጀርባውን ሰጠው፣ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ...

ቋ!

ደንግጦ ቀና አለ። "የእሷ ነው፣ የእሷ ነው" አለ ለራሱ። በርጩማውን አቅፎ መሬት ላይ ዘፍ አለ፤ ትንፋሹ ሲመለስ ተነሣ።

ኮረብታው አናት ላይ ሁለት ጆንያ ከሰል ቆመዋል። ከጆንያዎቹ አጠገብ አህያ ተኝታለች። ከአህያዋ አጠገብ ጣሰው ተኝቷል።

"ጣሰው! ከሰሉን አውርድ። አያ ጥላዬ እሳት ያንድድ።"

"እኔማ ላውርድ፤ አህያዋ አልነሣም አለች። ከጠዋት ጀምሮ ለምኛታለሁ።"

"እሷስ እሺ። አንተ ለምን ተኛህ?"

"ብቻዋን እንዳይከፋት ነዋ።"

"ምን ሆና ነው?"

"ጨው አምሯታል። ስታኮርፍ ነገሯ ይሄው ነው። አንዲት ቁራጭ ጨው ካላሰች እስከ ታች እንደ ፍየል እየዘለለች ትወርዳለች።"

"እኛው ብንሸከመውስ?"

ጣሰው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ የአያ ጓንጉልን ወገብ ተመለከተ። አያ ጓንጉልም የራሱን ወገብ አሰበ። አህያዋ ጆሮዋን አወዛወዘች።

እናንተም አብራችሁ በሉ፤ እኔ ብቻዬን ደከመኝ። ጨው ካልላሰች አህያዋ አትነሣም፤ አህያዋ ካልተነሣች ከሰሉ አይወርድም፤ ከሰል ከሌለ ካራው አይቀጠቀጥም፤ ካራው ካልተቀጠቀጠ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍር ከሌለ ቅሉ አይገፋም፤ ቅሉ ካልተገፋ ቅቤ የለም፤ ቅቤ ከሌለ በርጩማው ይሰነጠቃል፤ በርጩማው ከተሰነጠቀ፣ አንጓች ዛሬም ድንጋይ ላይ ናት።

ጨው የምትሸጠው ስንዱ ናት። ቤቷ ከኮረብታው ሥር፣ ከመንገዱ ዳር ነው። አያ ጓንጉል ሳይደርስ ጩኸት ሰማ። ስንዱ ሕፃኗን አቅፋ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል። ስንዱም ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

"ስንዱ፣ አንዲት ቁራጭ ጨው ስበሪልኝ። የጣሰው አህያ ትነሣ።"

"ምን አልክ?"

"ጨው!"

"አይሰማኝም!"

"ጨውውው!"

ሕፃኑ ከእሱ በላይ ጮኸ።

"በምን እጄ ልስበርልህ አያ ጓንጉል? ካወረድኩት ይንፈራፈራል፣ ካቀፍኩት እጄ ታስሯል። ጡቴ ደርቆበት ተራበ። እርጎ ብሰጠው ተፋብኝ። ትኩስ ወተት ብቻ ነው የሚፈልገው። ወተት ይጠጣና ይተኛልኝ፤ አንድ አሞሌ ሙሉ እሰብርልሃለሁ!"

ቋ! አለ በርጩማው፤ በዚያ ጩኸት መሀል እንኳን ለአያ ጓንጉል ተሰማው። ስንጥቋ አሁን እንደ ጣት ረዝማለች፤ ወደ ጎድጓዳው እያዘገመች ነው። መሀል ከደረሰች ያው ማገዶ ነው።

ወተት ካልጠጣ ሕፃኑ አይተኛም፤ ሕፃኑ ካልተኛ ጨው አይሰበርም፤ ጨው ካልላሰች አህያዋ አትነሣም፤ አህያዋ ካልተነሣች ከሰሉ አይወርድም፤ ከሰል ከሌለ ካራው አይቀጠቀጥም፤ ካራው ካልተቀጠቀጠ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍር ከሌለ ቅሉ አይገፋም፤ ቅሉ ካልተገፋ ቅቤ የለም፤ ቅቤ ከሌለ በርጩማው ይሰነጠቃል፤ በርጩማው ከተሰነጠቀ፣ አንጓች ዛሬም ድንጋይ ላይ ናት።

በዚያ ደረቅ ወር ያልነጠፈች አንዲት ላም ብቻ ነበረች፤ የእማ ታንጉት ቡሬ። አያ ጓንጉል እግሩን እየጎተተ እማ ታንጉት በረት ደረሰ። እማ ታንጉት ሸምግለዋል። ባዶ ማለቢያቸውን ይዘው ላሚቱን እያዩ ቆመዋል። ቡሬ ጡቷ ሞልቶ፣ እሷም ዞራ እሳቸውን ታያለች።

"እማ፣ ትንሽ ወተት ይለቡልኝ። የስንዱ ልጅ ይተኛ።"

"ወተቱማ እዚያው አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ እየተያየን ነው" አሉ እማ ታንጉት። "ቆሜ ጡቷ አይደርሰኝም። ቁጢጥ ካልኩ ጉልበቴ አያነሣኝም። የማልብበት በርጩማ ትናንት ማታ እግሩ ተገነጠለ።" በዱላቸው ጥግ ላይ የወደቀውን ስባሪ አሳዩት። "ክረምት ሳይገባ ይወዛወዛል ብዬህ ነበር። ምን አልከኝ?"

አያ ጓንጉል አንገቱን ደፋ። "ነገ።"

"ነገ አልከኝ።"

"እኔ ልለባት?"

"ከእኔ እጅ ሌላ አታውቅም፤ በርግጫ ትልክሃለች።"

"ድንጋይ ላምጣልዎት፣ እሱ ላይ ይቀመጡ።"

"ድንጋይ ይሄዳል እንዴ? ቡሬ እየታለበች ትራመዳለች። እሷ አንድ እርምጃ ስትል በርጩማዬን አንድ እርምጃ እስባለሁ።" ከዚያ ዓይናቸው ብብቱ ሥር አረፈ። "ያ የጠቀለልከው ምንድን ነው?"

አያ ጓንጉል መዋሸት አማረው። ግን ለመዋሸትም ጉልበት ያስፈልጋል።

"በርጩማ ነው።"

"እሰይ! አምጣዋ!"

ጨርቁን ገለጠ። እማ ታንጉት ጎንበስ ብለው አዩት፤ ጎድጓዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ቅቤ እንዳልጠጣ አወቁ። ስንጥቋንም አዩ።

"የማን ነው?"

"የአንጓች።"

"ተቀምጣበታለች?"

"ገና ናት።"

እማ ታንጉት እጃቸውን ሰበሰቡ። "አንጓችማ እስካሁን ድንጋይ ላይ ናት?"

እማ ታንጉት አልተቀመጡም። እሳቸው ቢቀመጡበት በርጩማው የእሳቸው ይሆናል፤ ባይቀመጡበት ደግሞ ለቅቤ ሳይደርስ ይሰነጠቃል። ቡሬ ጅራቷን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች።

ቀና ብላችሁ ስሙኝ። በርጩማ ካላገኙ እማ ታንጉት አያልቡም፤ ካላለቡ ወተት የለም፤ ወተት ካልጠጣ ሕፃኑ አይተኛም፤ ሕፃኑ ካልተኛ ጨው አይሰበርም፤ ጨው ካልላሰች አህያዋ አትነሣም፤ አህያዋ ካልተነሣች ከሰሉ አይወርድም፤ ከሰል ከሌለ ካራው አይቀጠቀጥም፤ ካራው ካልተቀጠቀጠ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍር ከሌለ ቅሉ አይገፋም፤ ቅሉ ካልተገፋ ቅቤ የለም፤ ቅቤ ከሌለ በርጩማው ይሰነጠቃል፤ በርጩማው ከተሰነጠቀ፣ አንጓች ዛሬም ድንጋይ ላይ ናት።

አያ ጓንጉል የአንጓችን በርጩማ በጨርቁ መልሶ ጠቀለለው። ከበረቱ ግድግዳ ጥላ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ቡሬ ያቦካችው ጭቃ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሁለት እጁን መሬት ላይ ተከለ። ጀርባውን ዘረጋ።

"ይቀመጡ፣ እማ።"

"አንተ! አበድክ?"

"ይቀመጡ። እኔ እንደሆን ቤትም ብሆን ከመጎንበስ ወጥቼ አላውቅም።"

እማ ታንጉት አማተቡ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ ተቀመጡ። አያ ጓንጉል "እህህ" አለ፤ ልክ እንደ አንጓች።

ጭው፣ ጭው፣ ጭው፤ ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ይወርድ ጀመር። ቡሬ አንድ እርምጃ ሄደች። አያ ጓንጉልም በእጅና በጉልበቱ አንድ እርምጃ ሄደ። ቡሬ ሌላ ሄደች፤ እሱም ሌላ ሄደ።

"ትንሽ ወደ ግራ" አሉ እማ ታንጉት። "አሁን ወደ ፊት። እንዲህ ያለ የሚታዘዝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ብቻ ይተነፍሳል።"

"ልተወው እማ?"

"ተንፍስ፣ ተንፍስ። አትንቀጥቀጥ እንጂ፤ ወተቴን ትደፋለህ። አጥንትህ ደግሞ ይወጋል። በደንብ ሳይጠርቡህ ነው የለቀቁህ።"

አያ ጓንጉል ለሌላ ቀን ያቆየው ሳቅ አመለጠው። ሲስቅ ጀርባው ተነቃነቀ፤ ጀርባው ሲነቃነቅ እማ ታንጉት ተነቃነቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ቡሬ ብቻ አልሳቀችም።

"የእኔንስ መቼ ትጠርብልኛለህ?" አሉ ማለቢያው ሲሞላ።

"ነ..." አለና ቃሉን ዋጠው። "ከአንጓች ቀጥሎ። ሌላ ትእዛዝ ሳልነካ።"

እማ ታንጉት ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። እሱም ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ቋ! አለ፤ በርጩማው አልነበረም፣ ወገቡ ነው።

አሁን ያዙኝ፤ ቁልቁለት ነው። እማ ታንጉት አለቡ፣ ወተቱ ተገኘ። ሕፃኑ ጠጣ፣ አገሳ፣ ስንዱ ትከሻ ላይ ተኛ። ስንዱ ሕፃኑን አስተኝታ ጨው ሰበረች። አህያዋ ጨው ላሰች፣ ከንፈሯን ላሰች፣ የጣሰውን እጅ ላሰች፣ ተነሣች። ጣሰውም ሳይወድ ተነሣ። ከሰሉ ወረደ፣ እሳቱ ነደደ፣ ካራው ተቀጠቀጠ፣ ጠፍሩ ተቆረጠ። እቴ ሙሉዬ ቅሏን ሰቀለች፣ ገፋች፣ ገፋች፣ ገፋች፤ ቅቤው ወጣ። ውሻው ጠፍሩን አየና ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

አያ ጓንጉል ከበረቱ ይዞት የመጣውን በርጩማ ከብብቱ አውጥቶ፣ እዚያው እቴ ሙሉዬ ደጃፍ ላይ ጨርቁን ፈታ። ስንጥቋ ከጎድጓዳው አፋፍ ደርሳለች። አንዲት ጣት ቅቤ ወሰደና ስንጥቋ ውስጥ አስርጎ ቀባ። እንጨቱ ጠጣ። ሌላ ቀባ፤ ጠጣ። ጠርዙን፣ ጎድጓዳውን፣ ሦስቱንም እግር ቀባ። ከዚያ ጆሮውን አስጠግቶ ጠበቀ።

ቋ አላለም። ትንሽ ቆየ። አሁንም ቋ አላለም። ስንጥቋ የደረሰችበት ላይ ቆማ ቀርታለች።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። አንጓች ውሃዋን ቀድታ ከተመለሰች ቆይታለች፤ ጥቁር ድንጋይዋ ላይ ናት። ጠዋት የመጣው ባለ ሞፈር ጠብቆ ጠብቆ ተናዶ እንደሄደ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን ቀድማ ያየችው ጉልበቱን ነበር።

"ምንድን ነው ይኼ ጭቃ? ጀርባህስ? ወተት ፈሶብህ የለም እንዴ!"

"እማ ታንጉት ተቀምጠውብኝ ነው።"

"ተቀምጠውብህ?"

"አዎ። ላም ሲያልቡ።"

አንጓች ከጀርባው እስከ ጉልበቱ አየችው። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ከድንጋዩ መነሣት አቃታት። እሱም በአንድ እጁ አነሣት፣ በሌላው በርጩማውን ከድንጋዩ ጎን አቆመ።

"ቁጭ በይ።"

ሳቋ ቆመ። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። ጣቷ ስንጥቋ ላይ ቆመ።

"ይህቺስ?"

"ዛሬ የሄድኩበት መንገድ ናት።"

"ትሰፋለች?"

"አትሰፋም። ጠጥታለች።"

አንጓች ቀስ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ እንደለመደችው በእጇ መሬት ፈለገች፤ መሬቱ ግን አላስፈለጋትም። ጀርባዋ ቀና አለ። ተነሣች፤ "እህህ" አላለችም። እንደገና ተቀመጠች። ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች፤ ለማረጋገጥ ሳይሆን ደስ ስላላት።

"አንተስ የት ልትቀመጥ ነው?" ብላ ዞር ስትል፣ አያ ጓንጉል ጥቁሩን ድንጋይ ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እጁ ላይ ያለው ቅቤ ገና አልደረቀም። አንጓች ጋቢውን ከቤት አምጥታ አለበሰችው፤ ተመልሳም ተቀመጠች።

ብዙም አልቆየ፣ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ተሰማ።

"አያ ጓንጉል፣ አለህ?"

"የለም" አለች አንጓች ከበርጩማዋ ሳትነሣ።

ሰውየው በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። "ታዲያ ከአጠገብሽ የተጋደመው ማን ነው?"

አንጓች ጋቢውን እስከ አገጩ ሳብ አደረገችለት።

"በርጩማ ነው" አለች። "ቀኑን ሙሉ ሲቀመጡበት ውሎ ደክሞታል። ነገ ና።"

ተረቴ እዚህ ላይ ተቀመጠች። እናንተም ተነሡ፤ የተቀመጣችሁበትን ለባለቤቱ መልሱ።